ባሕር በሌለበት ከተማ ሞገድ ስተነብይ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የሥራ ባልደረቦቼ ያመጡልኝ ኬክ ላይ ትልቅ ሰማያዊ ሞገድ ተሥሎ ነበር። ሞገዱ ላይ በቦርድ የቆመች ትንሽ የፕላስቲክ ሰው አለች፤ ዳር ላይ ደግሞ ባንዲራ ተተክሏል። ሁሉም አጨብጭበው ቢላዋውን ሲሰጡኝ እኔ ኬኩን ዝም ብዬ አየሁት። ባንዲራው የሚውለበለበው ወደ የብስ ነው። ነፋስ ከባሕር ወደ የብስ ከነፈሰ ሞገድ እንደዚያ ለስልሶና ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ አናቱን ከኋላ ይገፋውና ቶሎ ይፈርሳል። ይህንኑ ተናገርኩ። አለቃዬ ሳቀችና «ሥዩም፣ ዛሬ እንኳ ማረን» አለችኝ። እኔም ቆርጬ በላሁ፤ ኬኩ ይጣፍጣል።

ሥራዬን ለሰው ማስረዳት ሁልጊዜ ይቸግረኝ ነበር። አሜሪካ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚባል ከተማ ባለ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀምጬ የአትላንቲክን ሞገድ እተነብያለሁ። ከመስኮቴ የሚታየው የሜትሮ ሐዲድና የአንድ ፓርኪንግ ጣሪያ ነው። ባሕሩ ቤይ ብሪጅ የሚባለውን ረጅም ድልድይ ተሻግሮ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። እዚሁ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ የምትባል ከተማ ያሉ ታክሲ ነጂ ጓደኞቼ ይህን ከሰሙ በኋላ «ባሕር ኃይል» የሚል ስም አወጡልኝ። ቅዳሜ ስንገናኝ «ባሕር ኃይል መጣ፣ ተነሡ!» ይላሉ፤ አንዱ ደግሞ «መርከቧን የት ፓርክ አደረግካት?» ይለኛል። መዋኘት እንደማልችል ሲያውቁማ ጉድ ፈላ። እውነት ነው፣ አልችልም። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ባሕር ውስጥ ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ገብቼ አላውቅም ነበር።

አሜሪካ ከመምጣቴ በፊት ባሕር ዳር አየር ማረፊያ የአየር ሁኔታ ተመልካች ነበርኩ። የነፋሱን ፍጥነትና አቅጣጫ፣ የደመናውን ከፍታ እየለካሁ ለአብራሪዎች ማስተላለፍ ነው ሥራው። አሌክሳንድሪያ ስገባ ያ ሁሉ ዕውቀት ያስገኘልኝ ነገር ሆቴል ሥር ባለ ፓርኪንግ ውስጥ ትኬት መቀበል ሆነ። ምድር ቤት ስለሆነ ደመናም ነፋስም የለበትም። ከሥራ መልስ ኮሌጅ ተማርኩ፣ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያ የመንግሥት ሥራ ማመልከቻ። የወረቀቱን ጣጣ ልተወው፤ እዚህ አገር ያላየው የለም። ደመወዙም መጀመሪያ ላይ ከፓርኪንጉ እምብዛም አይሻልም ነበር። ግን ቢሮው መስኮት ነበረው፤ ለእኔ ያ ትልቅ ነገር ነው።

ነባሩን የሞገድ ተንባይ ዋልተርን ያገኘሁት እዚያ ነው። ረጅም፣ ቀይ ፊት፣ አንድ እግሩን የሚያነክስ ሰው ነበር። ጉልበቱን የተጎዳው በወጣትነቱ ሰርፍ ሲያደርግ ነው። ሰርፍ ማለት፣ ላላየው ሰው፣ ሞገድ ሊሰበር ሲል ቦርድ ላይ ቆሞ በሞገዱ ፊት ላይ መንሸራተት ነው። ዋልተር አጠገቤ መጥቶ ቆመና ያለ ምንም ሰላምታ ጠየቀኝ።

«ከየት ነህ?»

«ከኢትዮጵያ።»

«ባሕር አላችሁ?»

«ሐይቅ አለን።»

«ሞገድ አለው?»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ጣና ጠዋት ጠዋት ጸጥ እንደሚል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ግን አጫጭርና የተጨናነቁ ሞገዶች ጀልባውን እንደሚያናውጡት ነገርኩት። በደስታ ጠረጴዛውን መታው። «መሮጫ ሜዳ አጥተው ነው!» አለ። ከዚያ ነገሩን አስረዳኝ። ነፋስ ውሃን ሲገፋ ሞገድ የሚያድገው በሦስት ነገር ነው፤ በነፋሱ ጉልበት፣ በሚነፍስበት ጊዜ ርዝመት፣ ሳይቋረጥ በሚሮጥበት የውሃ ስፋት። ሐይቅ ላይ ሞገዱ ገና ሲጀምር ዳርቻው ይደርስበታል። ውቅያኖስ ላይ ግን ከአፍሪካ ጠረፍ ማዶ የተነሣ አውሎ ነፋስ ያሳደገው ሞገድ፣ ነፋሱን ትቶ ብቻውን ለቀናት ይጓዛል። በመንገዱም ራሱን ይለያል፤ ረጃጅሞቹ ፈጣን ስለሆኑ ይቀድማሉ፣ አጫጭሮቹ ወደ ኋላ ይቀራሉ። ስለዚህ ዳርቻ ላይ ሲደርስ እንደ ጣና የተመሰቃቀለ አይደለም፤ ተራውን ጠብቆ፣ በቡድን በቡድን እየሆነ፣ በመካከሉ ረጅም ጸጥታ እየሰጠ ይመጣል። እኔ ነፋስ አውቃለሁ ብዬ ነበር የገባሁት። ነፋሱ ከቆመ በኋላ ስለሚሆነው ነገር ግን አንድም ቀን አስቤ አላውቅም ነበር።

ከዋልተር የተማርኩት ትልቁ ነገር ቁመት ብቻ አለማየት ነው። ሰው ሁሉ «ሞገዱ ስንት ጫማ ነው?» ይላል። ዋልተር «ስንት ሴኮንድ ነው?» ነበር የሚለው፤ አንዱ ሞገድ ካለፈ በኋላ የሚቀጥለው እስኪመጣ ያለው ጊዜ ማለቱ ነው። ሁለት ሞገዶች ባሕር መካከል ቁመታቸው እኩል ሊሆን ይችላል። በስድስት ሴኮንድ የሚመጣው ዳርቻ ላይ ሲደርስ ሕፃን የሚጫወትበት ይሆናል፤ በአሥራ አራት ሴኮንድ የሚመጣው ጉልበቱ ወደ ታች ጥልቅ ስለሆነ መሬቱን ከሩቅ ይዳስስና፣ ሥሩ ሲዘገይ አናቱ እየተቆለለ፣ አዋቂ ሰው አንሥቶ ይጥላል። ባሕር ላይ የታሰሩት ተንሳፋፊ መለኪያዎቻችን ሁለቱንም ቁጥር ይልኩልናል። አዲስ የገባ ሰው ሁሉ የመጀመሪያውን አንብቦ ሁለተኛውን ይዘልለዋል፤ እኔም ዘልዬው ተቆጥቶኛል።

ሌላው ልማዱ ስልክ ነው። ጠዋት ጠዋት ትንበያው ከመጻፉ በፊት ዳርቻው ላይ ለዓሣ አጥማጆች ትልና መንጠቆ የምትሸጥ ዶሪስ ለምትባል ሴት ይደውላል። የሚጠይቃት ሦስት ነገር ነው። ሞገዱ የት ላይ ነው የሚሰበረው? ሰርፍ የሚያደርጉት ልጆች የት ቆመው ነው የሚጠብቁት? መሬቱ ምን ሆኗል? እሷ ስታወራ እሱ የእንቁላል ሳንድዊቹን እየበላ፣ ሳንድዊቹ በመጣበት የወረቀት ከረጢት ላይ በእርሳስ የባሕሩን ወለል ይሥላል። እዚህ ጋ ጉብታ፣ እዚህ ጋ ጎድጓዳ። ሲጨርስ ከረጢቱን ይጥለዋል፤ የዛሬው አሸዋ ነገ እዚያ ስለማይገኝ ማስቀመጡ ሰውን ያሳስታል ይል ነበር።

ይህ ለምን እንዳስፈለገ የገባኝ ቀስ ብሎ ነው። ሞገድ የሚሰበረው የውሃው ጥልቀት ከራሱ ቁመት ብዙም የማይበልጥበት ቦታ ሲደርስ ነው። ከውሃው በታች ያለው የአሸዋ ጉብታ ሰያፍ ከሆነ፣ ሞገዱ ከአንድ ጫፍ ጀምሮ ቀስ በቀስ እየተጠቀለለ ይሰበራል፤ ሰርፍ የሚያደርግ ሰው የሚፈልገው ያንን ነው፣ እየሸሸ የሚንሸራተትበት ጊዜ ይሰጠዋል። ወለሉ ወጥ ከሆነ ግን ርዝመቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይከሰከሳል፤ መሸሻ የለም። ያው ሞገድ፣ ያው ነፋስ፣ ሁለት መንደር ላይ ሁለት ዓይነት ነው። መለኪያው የሚነግረን ምን እንደሚመጣ ነው። ምን እንደሚጠብቀው የምትነግረን ዶሪስ ነበረች። ዋልተር ዕረፍት ሲወጣ እኔ እደውል ነበር። መጀመሪያ አነጋገሬ አይገባትም ነበር፤ በኋላ ግን ድምፄን ስትሰማ ገና «ሃኒ፣ ትናንት ጉልበት ይደርስ የነበረው ዛሬ ደረት ሆኗል» ብላ ትጀምራለች።

አንድ በጋ ዋልተር ቤተሰቤን ይዤ ወደ ባሕሩ እንድመጣ ጋበዘን። ባለቤቴ አስቴር ምሳ ቋጥራ፣ ልጃችን ማህሌት ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሆና ሄድን። ዋልተር ዳርቻው ላይ እንደደረሰ አይናገርም። ቢያንስ ሦስት ቡድን ሞገድ እስኪያልፍ ቆሞ ያያል፤ ቢያናግሩትም አይመልስም። አስቴር «ታሟል እንዴ ሰውዬው?» ብላ ጠየቀችኝ። አይቶ ሲጨርስ ማህሌትን የራሱ የድሮ ቦርድ ላይ አስተኝቶ አረፋው ውስጥ ገፋት። ልጅቷ ተነሥታ ቆመች። እኔ ጮህኩ፤ አስቴር ፎጣውን አፏ ላይ ይዛ ቀረች። ልጄ ስትወጣ ፊቷ ላይ ያየሁትን ደስታ ከዚያ በፊት አይቼባት አላውቅም። በዚያው ሄደች፤ የልደቷ ቀን ቦርድ፣ ለቀዝቃዛ ውሃ የሚለበስ የክረምት ልብስ፣ ሁሉም ነገር ሞገድ ሆነ።

እዚህ አገር ልጅ ያሳደገ ሰው ያውቀዋል። በአማርኛ እናገራለሁ፣ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። ስለ ትምህርት፣ ስለ ቤተ ክርስቲያን፣ ስለ ጓደኞቿ ጀምረን ሁለት ዐረፍተ ነገር ሳንሄድ ይቋረጣል። ቅዳሜ ጠዋት ግን ሌላ ነው። ገና ፊቷን ሳትታጠብ ሳሎን መጥታ «አባዬ፣ ዋት ኢዝ ኢት ዱዊንግ?» ትለኛለች፤ ባሕሩ ዛሬ እንዴት ነው ማለቷ ነው። ሞገዱ ከደቡብ ምሥራቅ እንደሚመጣ፣ ነፋሱ ከምዕራብ፣ ከየብስ ስለሚነፍስ የሞገዱን ፊት ደግፎ እንደሚያቆመው፣ ዶሪስ ዛሬ ዳርቻው ላይ ከተተከሉት ምሰሶዎች በስተሰሜን ይሻላል እንዳለች እነግራታለሁ። ነፋስ፣ ምዕራብ፣ አሸዋ፣ ጉብታ የሚሉትን ቃላት ከእኔ የተማረችው በዚያ ነው። አስቴር ከጓዳ ሆና «ጸሎቱን ሳትይዝ የነፋሱን አቅጣጫ ያዘችው» ትላለች። እኔ ውስጤ ቅቤ ይጠጣ ነበር። ልጄ የሥራዬ ጥቅም የገባት ብቸኛ ሰው ነበረች፣ ሥራዬም ከልጄ ጋር የምንገናኝበት በር ነበር።

ከዚያ ጊዜው ተለወጠ። አዲስ አለቃ መጣ፤ መጥፎ ሰው አልነበረም፣ ቁጥር የሚወድ ነው። «ሥዩም፣ የኮምፒውተሩ ሞዴል በየሰዓቱ አዲስ ነገር ያወጣል። ዶሪስ በየሰዓቱ ታወጣለች?» አለኝ። ሁላችንም ሳቅን፣ የጠዋቱ ስልክም በዚያው ቀረ። እውነቱን ለመናገር፣ ክፍት ውቅያኖስ ላይ ሞዴሉ ከእኛ በጣም ይበልጣል፤ እኔም በኋላ የሞገዱን ክፍል የምከታተል ሆኜ እኮራበት ነበር። ዋልተር ጡረታ ወጥቶ ወደ ካሮላይና ሄደ፣ ጥቂት ቆይቶም ዐረፈ። የዶሪስ ሱቅ አይስክሬም ቤት ሆነ።

አሁን ወደዚያ ቀን ልምጣ። ጳጉሜን ለእኛ የጠበል ጊዜ ናት፤ ለአትላንቲክ ደግሞ አውሎ ነፋስ የሚበዛባት ናት። ማህሌት ኮሌጅ ገብታለች። አስቴር በዚያ ወቅት ልጅቷ ባሕር ስትሄድ በፍጹም አትወድም ነበር። የሩፋኤል ዕለት ቅዳሜ ዋለ፤ እናትና ልጅ በጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄደው ጠበል ተረጭተው፣ ጠጕራቸው እንደረጠበ ተመለሱ። ማህሌት እንደገባች «አባዬ፣ ዛሬስ?» አለችኝ። ከሌሊት ጀምሮ እየተከታተልኩት ነበር። አውሎ ነፋሱ ሩቅ ነው፣ ወደ የብስም አይመጣም። ሞገዱ ረጅም፣ የተስተካከለ፣ ነፋሱ ቀላል ምዕራብ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ። «ዛሬማ በዓመት አንዴ የሚገኝ ነው» አልኳት። አስቴርን አየናት። ትንሽ አሰበችና «ሩፋኤል ነው፣ ውሃ ሁሉ የተባረከበት ቀን ነው። እሺ፣ ሂጂ» አለች። ከዚያ በፊት እንዲህ ብላ አታውቅም።

ከሰዓት በኋላ ስልክ ተደወለ። ጓደኛዋ ናት፤ እያለቀሰች ስለነበር ሆስፒታል የሚለውን ቃል ብቻ ነው የለየሁት። ያንን ሁሉ መንገድ ከአስቴር ጋር ነድተን ሄድን። ስንደርስ ልጄ አንገቷ ታስሮ፣ ጣሪያውን እያየች ተኝታለች። የትከሻዋ አጥንት ተሰብሯል፣ የአንገቷም አንዱ አጥንት ተሰንጥቋል። ሐኪሙ የእግር ጣቶቿን እንድታንቀሳቅስ ሲጠይቃት እኔ አልጋውን ይዤ ቆሜ ነበር። አንቀሳቀሰች። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አስቴር ቁልቁል እያየችኝ «ሩፋኤልንም አንተንም አምኜ ነው የላክኋት» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ይህንን ነገር አንሥታው አታውቅም፤ መድገምም አላስፈለጋትም።

በማግስቱ ዳርቻውን ለማየት ሄድኩ። ትልልቅ ቧንቧዎችና የቆሙ ቡልዶዘሮች አየሁ። ከባሕሩ ወለል አሸዋ እየመጠጡ ዳርቻው ላይ በመርጨት ማስፋት ነበር ሥራው፤ ማዕበል ቤቶቹን እንዳይወስዳቸው ነው፣ የሚያስወቅሳቸው ነገር የለም። ግን የቀድሞው ጉብታ ጠፍቷል። በቦታው ጥልቅ ውሃ፣ ቀጥሎ ደግሞ እንደ ግንብ የቆመ የአሸዋ ዳገት። ያ ሁሉ ሞገድ ምንም ሳያቆመው እስከ ዳር ይመጣና አሸዋው ላይ በአንድ ጊዜ ይከሰከሳል። ቁመቱን አውቄ ነበር፣ ሴኮንዱን አውቄ ነበር፣ ነፋሱን አውቄ ነበር። መሬቱን ግን ያን ዓመት የጠየቀልኝ አልነበረም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ወደ ሆስፒታል ስመለስ ማህሌት በዝግታ «አይቼው ነበር፣ አባዬ። ኢት ሉክድ ዊርድ፣ ደስ አላለኝም ነበር። ግን አንተ ጥሩ ነው ስላልክ…» አለችኝ።

አንገቷ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ዳነች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። በሚቀጥለው ዓመት ተመልሳ ባሕር ገባች፤ ማንም ሊያስቆማት አልቻለም። እኔን መጠየቅ ግን አቆመች። ቅዳሜ ጠዋት ቦርዷን ተሸክማ ስትወጣ «ነፋሱ…» ብዬ ስጀምር «ስልኬ ላይ የሞገዱን አፕ ቼክ አድርጌዋለሁ፣ አባዬ፣ ላቭ ዩ» ብላ በሩን ትዘጋለች። ክፉ ቃል የለም፣ ኩርፊያ የለም። ሥራ ይዛ ሄርንደን የምትባል ከተማ ከገባች በኋላም በየሳምንቱ ትደውላለች፣ ጤናዬን ትጠይቃለች፣ ስለ ሞገድ አንዳች አታነሣም። ልጄ አላመነችኝም ብዬ ደመደምኩ። ይህ ምን ያህል እንዳመመኝ ለአስቴር እንኳ አልነገርኳትም።

ያ ሕመም በሥራዬ ላይ ወጣ። ትንበያችን ሥር ስለ ባሕሩ ወለል አንድ መስመር እንድትጨመር፣ ለዚህም የነፍስ አድን ሠራተኞች ጠዋት ጠዋት ዋልተር ይጠይቃቸው የነበሩትን ሦስት ጥያቄዎች እንዲመልሱልን ስብሰባ በስብሰባ ላይ ለመንኩ። አንዳንዶቹ ሥዩም መጣ ሲባል በር ይዘጉ ነበር። በመጨረሻ ያቺ በኬኩ የሳቀችብኝ አለቃዬ ፈቀደችልኝ። ዛሬ ወጣቶቹ «የዶሪስ መስመር» ይሏታል፤ ዶሪስ ማን እንደነበረች ግን የሚያውቅ የለም። ችግሩ በጋው ሲያልቅ ነፍስ አድኖቹ ወደ ትምህርታቸውና ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። በመከር፣ ሞገዱ በሚያምርበት ጊዜ፣ መስመሯ ባዶ ትሆናለች።

ባለፈው መከር፣ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ አንድ ቀን ጠዋት ማህሌት ደወለች።

«አባዬ፣ ቢዚ ነህ?»

«ጡረተኛ ምን ቢዚ አለው?»

«ዛሬ ኦፍ ነኝ። አፑ ግሪን ነው የሚለው፣ ግቢ ነው የሚለኝ። ባት ላስት ሰመር እንደገና አሸዋ ረጭተዋል፣ እንደዚያን ጊዜው። ማንም አያውቅም ከሥር ምን እንዳለ። ካን ዩ ካም? አይተህ ትነግረኛለህ?»

«መጥተሽ ውሰጂኝ» አልኳት። ለአስቴር ከልጄ ጋር ልንሸራሸር ነው ብዬ ወጣሁ።

መኪናውን የምትነዳው እሷ ናት። ድልድዩን እንዳለፍን ድፍረት አግኝቼ ጠየቅኳት፦ «ያን ሁሉ ዓመት ለምን አልጠየቅሽኝም?»

ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሣ መለሰችልኝ። «ሆስፒታል ውስጥ ፊትህን አይቼዋለሁ። መሬት ላይ ስትቀመጥ። እኔ ከጠየቅኩህ፣ እስክመለስ ድረስ ያንን ፊት ይዘህ ነው የምትቀመጠው። ሶ… አይ ጀስት ስቶፕድ፣ መጠየቁን ተውኩት።»

«እኔ ደግሞ አላመንሽኝም ብዬ ነበር» አልኳት።

«አባዬ!» አለች፤ እንደ ስድብ ነበር ያለችው። መነጽሬን አውልቄ ጠረግኩ። እሷም በእጇ ጀርባ ፊቷን ጠረገች።

ዳርቻው ላይ ቆሜ አየሁ። ሞገዱ መካከለኛ ነው፣ ነፋሱ ጥሩ ነው። ፊት ለፊታችን ግን ያው የማውቀው ዳገት ነበር፣ ሞገዱም እላዩ ላይ ይወድቃል። «እዚህ አይሆንም» አልኳት። አሸዋ የተረጨበት እስኪያልቅ ድረስ በዳርቻው ወደ ሰሜን ረጅም ሄድን። እዚያ ሞገዱ ከሩቅ መሰበር ይጀምራል፣ ግን አንዳንዱ ይጠቀለላል፣ አንዳንዱ በአንዴ ይከሰከሳል። ቆሜ ባይ ባይ አልለይ አለኝ። ጫማዬን አወለቅኩ።

«ዋት አር ዩ ዱዊንግ?»

«መሬቱን ልጠይቀው ነው።»

«አባዬ፣ መዋኘት አትችልም!»

«አንቺ ትችያለሽ።»

ክንዴን ያዘችኝ። ውሃው ይቀዘቅዛል፣ በሕይወቴ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። ጉልበቴ ደረሰ፣ ወገቤ ደረሰ። አንዱ ሞገድ አንሥቶ ጣለኝና አፌ ጨው ሞላ፤ «አይዞህ፣ ይዤሃለሁ» ብላ አቆመችኝ። በእግሬ እየዳሰስኩ ጥቂት ስንሄድ መሬቱ ተመልሶ ከፍ አለ። ጉብታው እዚያ ነበር። ጫፉን ተከትለን በጎን ስንራመድ ወደ ግራ ሰያፍ እየሆነ፣ እየጠለቀ ይሄዳል፤ ማንም ያልነካው የቀድሞ አሸዋ ነው። አሁን ግን ባሕሩ ጎድሎ ስለነበር ላዩ ያለው ውሃ ስስ ነው፤ በአንዴ የሚከሰከሱት ለዚህ ነበር።

«ውሃው ትንሽ ይሙላ» አልኳት ስንወጣ። በፎጣዋ ጠቅልላኝ አሸዋው ላይ ተቀመጥን። ያመጣችውን ሳንድዊች ተካፈልን። ውሃው እየሞላ መጣ። አንድ ቡድን ሞገድ አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ፣ በሦስተኛው ሁሉም ከቀኝ ወደ ግራ እየተጠቀለሉ መሰበር ጀመሩ።

ማህሌት ቦርዷን ይዛ ተነሣች። በአማርኛ «ልግባ?» አለችኝ።

አዎን ማለት ይህን ያህል ይከብዳል ብዬ አስቤ አላውቅም። የአንገቷ ጠባሳ ከልብሷ በላይ ይታየኛል። የማውቀውን ሁሉ አንድ በአንድ አሰብኩት፣ ቀጥሎም የማላውቀውን።

«ጉብታውን ወደ ግራ ያዢው» አልኳት። «ግቢ።»

ገባች። ገና አረፋውን ሳታልፍ ስልኬ ጠራ፤ አስቴር ናት።

«የት ናችሁ? ምንድን ነው የሚጮኸው?»

«ባሕር ነው።»

«ማህሌትስ?»

«ውስጥ ናት።»

ቀስ ብላ «ማን ነው ግቢ ያላት?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ።»

ማህሌት አረፋውን አልፋ ቦርዷ ላይ ስትቀመጥ አየሁ።

«እንግዲያውስ ዓይንህን እንዳትነቅልባት» አለችኝ አስቴር።

አልነቀልኩም።